ሁሉም ይወደኝ ነበር፤ ሥራ አምኖ የሚሰጠኝ ግን አልነበረም

እሁድ ማታ የድሬና የሐረር ልጆች በምንጫወትበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ሦስት አራት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነው። እስከ ረቡዕ ማታ 19 ምላሽ ደረሰ። መሃል ላይ የገባችሁ ብዙዎች ከላይ ምን እንደተባለ እየጠየቃችሁኝ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ ቃል ላውጋችሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምሠራው ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። ከጅቡቲ የሚገባ ጭነት ወረቀቱን የምንጨርሰው እኛ ነን። ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ጥበቃው፣ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ሁሉም ወዳጄ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም እግባባለሁ። ሰው ሲጣላ የምጠራው እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የቡድን ኃላፊ ቦታ ሲከፈት ታዲያ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብዬ አላሰብኩም። የተሰጠው ግን ከመጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አሥር ቃል ለማይናገር ልጅ ነው። በጣም ከፋኝ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ ምን እንደጎደለኝ ጠየቅኩት። አልሸፋፈነልኝም። ሰው ሁሉ እንደሚወደኝ፣ ነገር ግን አንድ ወረቀት በሰዓቱ እንዲደርስ ሲፈለግ ለእኔ አምኖ የሚሰጥ እንደሌለ ነገረኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ የኪስ ደብተር ያዝኩ። ለሰው የምገባውን ቃል ሁሉ እጽፋለሁ። ነገ እደውላለሁ ያልኩትን፣ ማክሰኞ አመጣለሁ ያልኩትን፣ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። ማታ ከመተኛቴ በፊት አየዋለሁ። የማልደርስ ከመሰለኝ ሰውየው ሳይጠይቀኝ ቀድሜ እደውላለሁ። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዘንድሮ ኃላፊ ሆኛለሁ። እና የጠየቅኩት እንዲህ ነው፦ እኛ ድሬዎች ቀለል ያልን ሰዎች ነን፣ ማንም እንግዳ አይሆንብንም፣ በዚህም እንወደዳለን። ግን ቀለል ማለታችን ቃላችንንም አቅልሎብን ይሆን? ልማዱን የቀየረ ካለ እንዴት እንደቀየረ ይንገረኝ።

1ኛው ምላሽ ከአንድ የሳቢያን ልጅ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ፣ እሱም እንዲሁ እንደሆነ ጽፎ አለፈ። አቦ ይመችህ።

2ኛው ግን ቆጣ ብሎ ነው የመጣው። ሱቅ ያለው ሰው ይመስለኛል። ጥፋቱ የጠባይ ሳይሆን የሙቀት ነው ባይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ራሱ ይነዳል። ሰው ጎህ ሲቀድ ሥራ ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ፀሐዩ ሲበርድ ይከፍታል። የደጋ ሰው መጥቶ ሰባት ሰዓት ላይ የተዘጋ በር ሲያይ ሰነፎች ይለናል። እኔም ይህን አምናለሁ። ሙቀቱን የማያውቅ አይፍረድብን። ግን በሰባት ሰዓት እንደምንዘጋ እያወቅን በሰባት ሰዓት እመጣለሁ ብለን ቃል ከገባን፣ እዚያ ላይ ፀሐይ ምን አደረገች?

3ኛውን የጻፈው የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቱ ከዚራ ካለው ቤታቸው ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወጣበት ደቂቃ እንኳ አይዛነፍም ነበር። ጎረቤት በእሱ መውጣት ልጆቹን ለትምህርት ቤት ይቀሰቅስ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም በዚያው ሰዓት ለብሶ፣ ጫማውን ቦርሾ፣ በረንዳ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ጽፏል። ድሬ ራሷ በ1902 ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፣ የጉዞ ሰሌዳ አብሯት ተወልዷል፣ ስለዚህ ሰዓት የማታውቅ አትበሏት ብሎ ተከራከረ። ትክክል ነው። እኔ ያሰብኩት የኛን ትውልድ ነበር፣ የእነሱን ረስቼ ነው።

4ኛው እዚያው ላይ እርማት አመጣ። 1902 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ 1895 ዓ.ም. ነው፣ እንዳይደባለቅ አለ። አዲስ አበባ ሐዲዱ የደረሰላት በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ድሬ ብዙ ዓመት እንደቀደመቻት ጨመረበት፣ ደስ እያለው። ከዚያማ 5ኛውና 6ኛው የድሮውን ባቡር ትዝታ ይዘውት ሄዱ። በመስኮት ስለሚሸጠው ብርቱካን፣ የባቡር ሠራተኞች ይናገሩት ስለነበረው ፈረንሳይኛ። ደስ ይላል፣ ግን ጥያቄዬ ጠፋብኝ።

መልሶ ያመጣው 7ኛው ነው፣ የሐረር ወጣት። ልማድ ለመቀየር 21 ቀን ይበቃል፣ 21 ቀን ጥርስህን ነክሰህ ቻለው፣ ከዚያ ራሱ ይሄዳል ብሎ መከረ። ይህን ነገር ሁላችንም ሰምተነዋል። 8ኛዋ ታዲያ አስተማሪ ናት፣ በትህትና ነገር ግን አጥብቃ አረመችው። 21 የምትባለው ቁጥር የመጣችው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ ያን ያህል ቀን እንደሚፈጅባቸው ማስተዋሉን ጻፈ፣ ሰው ደግሞ ቢያንስ የምትለዋን ጥሎ ቁጥሯን ብቻ ያዘ። ነገሩን በእርግጥ ለመለካት የሞከረችው ፊሊፓ ላሊ ናት፣ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ። ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታተለች። አዲሱ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ቶሎ የለመደው በ18 ቀን ነው፣ ሌላው ደግሞ እስከ 254 ቀን ይፈጅበታል ተብሎ ተሰላ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። ስንቱ ሰው ነው አንድ ቀን አመለጠኝ ብሎ ጭራሽ የሚተወው! ደግሞም አዲሱን ነገር በየቀኑ ከምታደርገው ነገር ጋር እሰረው አለች፣ ከቁርስ ጋር፣ ከሶላት ጋር፣ ከቡና ጋር። እኔ ሳላውቀው ያደረግኩት ይህንን ነበር። ደብተሬን የማየው ስልኬን ቻርጅ ላይ ስሰካ ነው። ወደ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

9ኛው ምላሽ ለእኔ የዚህ ውይይት ልብ ነው። የጻፈችው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ እናት ናት፣ ለ11 ዓመት የዕቁብ ዳኛ ሆናለች። ስለ ሰው ጠባይ መማር የፈለገ ዕቁብ ይሰብስብ ብላ ጀመረች። ዕጣው ሳይወጣለት ሁሉም በሰዓቱ ይከፍላል፣ ይህ ምንም አይነግርህም። ሰው የሚታወቀው ዕቁቡ ከወጣለት በኋላ ነው። ገንዘቡን በልቶ፣ የሚጠብቀው ነገር ሳይኖር፣ አሁንም ሰኞ ሰኞ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ከዚያ ደግሞ የቸገራቸውን ለሁለት ከፈለቻቸው። አንዱ እሁድ ማታ መጥቶ ነገ አልሞላልኝም፣ ለሐሙስ ቀጥሪኝ ይላታል። ሌላው ሰኞ ጠዋት ስልኩን ያጠፋል። የሁለቱም ዕዳ እኩል ነው። ለመጀመሪያው ግን ራሷ ዋስ ሆና እንደምታውቅ፣ ሁለተኛውን ግን ቢከፍል እንኳ ደግማ እንደማታስገባው ጻፈች። ስልኩን ሲያጠፋ ስሙንም አብሮ ያጠፋል አለች።

እኔ ሦስት ዓመት ደብተር ይዤ የገባኝን እሷ በአንድ አንቀጽ ጨረሰችው። ሥራ አስኪያጁ የነገረኝም ይህንኑ ነበር። ያኔ ሲያቅተኝ ስልክ አጠፋ ነበር፣ እኔም። ከዚያ በማግስቱ በጨዋታና በሳቅ ላልፈው እሞክር ነበር። ሰው ይስቅልኛል፣ ወረቀቱን ግን ለሌላ ይሰጣል።

10ኛው ላይ አየሩ ተቀየረ። ይህ ሰው ያለ ርኅራኄ ነው የጻፈው። ደብተር ምናምን የጠገበ ሰው ወሬ ነው፣ እዚህ አገር ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው፣ ዘመድ የሌለው አሥር ደብተር ቢጽፍ ያው ነው አለ። እኔንም አልማረኝም፤ ኃላፊ የሆንኩት ሰባት ዓመት ስለቆየሁ እንጂ በደብተሬ እንዳልሆነ፣ ወጣቱን በባዶ ተስፋ እንዳላታልል ጻፈ። ደሜ ፈላ። የጻፍኩትን መልስ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በመጨረሻ ዝም አልኩ፣ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው እንኳንም ዝም አልኩ።

11ኛዋ ያችው አስተማሪ ናት፣ ተመልሳ መጣች። ግማሹ እውነት እንዳለው ተቀበለችው። ሥራ በሰው በኩል እንደሚገኝ አልካደችም። ግን በየትኛው ሰው? አለች። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጠቀሰች። ሥራቸውን በሰው በኩል ያገኙ ሰዎችን ያን ሰው በምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር ብሎ ጠየቃቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ የሚያገኙት የቅርብ ሰው የሆነላቸው ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ፣ አንዳንዶቹም በዓመት አንዴ በሚያገኙት ሰው በኩል ነው ያገኙት። ምክንያቱም የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቀው ሰው ነው። የራቀው ሰው ደግሞ ስለአንተ የሚያውቀው አንድ ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ከእነዚያ አንዱ ቃልህን መጠበቅህ ከሆነ ስምህን ይጠራል።

12ኛው ያው 10ኛውን የጻፈው ቁጡ ሰው ነው። የአሜሪካን ጥናት ለአሜሪካ ተይው፣ እዚህ ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ቦታው ተይዟል ብሎ ቆረጠው። ይህም ውሸት አይደለም። ሁላችንም አይተናል።

13ኛዋ ጠቡን ወደ ጎን ትታ ሌላ ነገር አነሳች፣ እኔም አመሰገንኳት። የድሬ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች። እኛ ጋ ለትልቅ ሰው አንተ ማለት ንቀት አይደለም። አባታችንን አንተ እንላለን፣ የሰፈር ሽማግሌ አንተ እንላለን፣ አንቱ ያልነው ቀን የራቅነው ይመስለዋል። እሷም ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ላይ አለቃዋን አንተ አለችው። ቤቱ ፀጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ እግሯን ነካ አድርጋ እርስዎ በይው አለቻት። ከስብሰባ በኋላ ራሷ ገብታ ያደግኩት እንዲህ ስለሆነ ነው ብላ አስረዳችው፣ እሱም ሳቀ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ የወሰደችው ነገር ይህ ነው፦ አዲስ ቦታ ስትገባ መጀመሪያ አትናገር፣ ሌሎቹ እንዴት እንደሚጠራሩ ስማ። በእርስዎ ጀምር፣ ተወው ሲሉህ ተው። አንጀቴን የበላኝ መጨረሻው ነው። ለበዓል ድሬ መጥታ እናቷን ሳታስበው እርስዎ አለቻቸው። እናቷ ሳህኑን አስቀምጠው ምን በደልኩሽ ልጄ፣ ተጣላን እንዴ አሏት።

14ኛው ከሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው። የእኔን ጥያቄ ከሌላ በኩል አየው። ሐረር ውስጥ አፎቻ አለ፣ ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰብ የሐረሪዎች ማኅበር። እዚያ ሰው የሚመዘነው በንግግሩ ማማር ሳይሆን በመገኘቱ ነው ይላል። ሐዘን ቤት ገብተህ ምንም ሳትናገር ብትቀመጥ መጥተሃል፣ በማግስቱ በስልክ አንድ ሰዓት ብታጽናና ግን አልመጣህም። ሰላምታውንም ነገር አነሳ፣ ሰውን በገዛ ቋንቋው አካም ጅርታ፣ ኢስካ ዋራን ማለት፣ እጅ የማትጨብጥ ሴት ስትገጥም እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላም ማለት። ይህን እኛ ድሬም ሐረርም ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ሌላ አገር ሰው ለዚህ ሥልጠና ይወስዳል። ለዚህ ነው ቀለል ማለታችንን አትጣሉት፣ መገኘትን ጨምሩበት እንጂ ያለን።

15ኛው ልጅ የመጋላ ነው። እኔ አፍሬ ያለፍኩትን በቀጥታ ተናገረ። ስለ ቃል እያወራን ስለ በርጫ፣ ስለ ጫት መቃሚያው ሰዓት፣ አለማንሳታችን ትክክል አይደለም አለ። ከቀትር በኋላ ተቀምጠን፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ ሁላችንም ቃል እንገባለን። ሥራ አስገባሃለሁ፣ ገንዘብ አዋጥተን ሱቅ እንከፍታለን፣ ወንድምህን ጅቡቲ ከማውቀው ሰው ጋር አገናኘዋለሁ። መዋሸት አይደለም፣ በዚያች ሰዓት ከልብ ነው። ሲመሽ ግን ሁሉም ይበናል። እሱ ለጓደኛው 40 ሺህ ብር አበድርሃለሁ ብሎ በርጫ ላይ ቃል ገባ። ጓደኛው አምኖ ለባጃጅ ቀብድ ከፈለ። ገንዘቡ አልመጣም፣ ቀብዱም ቀረ፣ የልጅነት ጓደኝነታቸውም እዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በርጫ ላይ ያለውን ነገር በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ራሱ ደውሎ ይደግመዋል። መድገም ካልቻለ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔም ይህን ከሰኞ ጀምሮ ደብተሬ ላይ ጨምሬዋለሁ፣ የጠዋት ገጽ ብዬ።

16ኛው ምላሽ ጥያቄ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ። ለቃለ መጠይቅ ሐሙስ ይጠብቁታል፣ በኢሜይል የተጻፈለት ሰዓት 9:00 ነው። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ፀጉሬን ተስተካክዬ እሄዳለሁ፣ ምን ልልበስ ብሎ ጠየቀ።

17ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ቁጡው ሰው። ግን ሌላ ሰው ነው የመሰለኝ። ልጁን ወንድሜ ብሎ ጠራውና ስለ ልብሱ ተወው፣ መጀመሪያ አሁኑኑ ደውል አለው። 9:00 በእኛ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እሱ ራሱ እንዲሁ ተጽፎለት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከረቫት አስሮ ሄደ። ጥበቃው ፈታኞቹ ጠዋት ጨርሰው መሄዳቸውን ነገረው። ብዙ ለምኖ ነበር፣ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ሰው አላገኘም። በዚያው ሳምንት የአንድ ኃላፊ ዘመድ ቦታውን እንደያዘ ሰማ። ለዚህ ነበር እንዲያ የመረረው። ደሜ ፈልቶ የጻፍኩትን በማጥፋቴ ያን ጊዜ ነው ፈጣሪን ያመሰገንኩት።

18ኛዋ የዕቁቧ እናት ናት። ለቁጡው ልጅ ብቻ ጻፈች። አሁን የት እንደሚሠራ፣ ሒሳብ መያዝ ይችል እንደሆነ ጠየቀችው፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ አለችው። ከዚያ በኋላ ምን እንደተነጋገሩ የእነሱ ጉዳይ ነው።

19ኛው ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ፣ ከተመራቂው ልጅ። ደውሏል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በራሱ ግምት ቢሄድ ኖሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያልፈው ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴት ስለጠየቀ እንዳመሰገነችው ጻፈ። ፀጉሩን ዛሬውኑ ተስተካክሏል፣ ሸሚዙን እናቱ ተኩሳለታለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፦ ፈታኙ በዕድሜ እኩያው ቢሆንስ፣ አንተ ይበለው ወይስ ምን ይበለው?

እርስዎ በል፣ ዋሪያ፣ ብዬ መለስኩለት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ሁን። ደብተሬ ላይም ጻፍኩት፦ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት፣ ለልጁ ደውሎ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ።